ሦስት ቀን የሚቆይ ቅዝቃዜ

ኅዳር 11 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

ዛሬ አምፖሏ በራች። ከአሮጌ መኪና ፍሬቻ የፈታናት ትንሽ አምፖል ናት። ከጠዋት ጀምራ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ቆየችና እንቅልፍ እንዳሸነፈው ዓይን ቀስ ብላ ተከደነች። ዋቅጋሪ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ እስክትጠፋ ጠበቃት። ቱቦዎቹን የሠራውም፣ መጋጠሚያቸውን በቀለጠ ብርጭቆ የደፈነውም እሱ ስለሆነ ከእኔ ይልቅ እሱ የሚከፋው መስሎኝ ነበር። “ካለፈው ሳምንት ይሻላል፣ እትዬ አፀደ” ብሎኝ ምድጃውን ሊያጠፋ ሄደ።

ገና በሩን ሳንዘጋ አንዲት ሴት ሳታንኳኳ ገባችና አፍንጫዋን ያዘች።

“እዚህ ቤት ማነው የሸናው?”

ሲስተር የሺሀረግ ትባላለች። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከአንድ የድርቅ ተጎጂዎች መጠለያ አጠገብ ያለ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ናት። ስለ እኛ ከማን እንደሰማች እንጃ። ከጉለሌ በላይ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ጋ፣ አሮጌ የጡብ መጋዘን ውስጥ የተወሸቅን ሰዎች መሆናችንን እያየች፣ ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የመጣች ይመስል ኮስተር ብላ ጠየቀችኝ። የሚሸተው አሞኒያ ነው አልኳት። አሞኒያ ሲሰበር ሃይድሮጅን ይወጣዋል፤ ሃይድሮጅኑ በጋለ የሴራሚክ ቱቦ ግድግዳ በኩል ከአየር ጋር ሲገናኝ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ጭስ የለውም። አሞኒያው ግን በራሱ በቀላሉ አይሰበርም። የሚሰብረው በቱቦው ውስጥ የቀባነው ኒኬል ነው። በትምህርት ቤት ካታሊስት ይሉታል፤ እኛ “አፋጣኙ” እንለዋለን። ሥራውን አፋጥኖ ራሱ የማያልቅ ነገር ነው ተብሎ ነው የተጻፈው። የእኛው ያልቃል።

ይህን ሁሉ ስነግራት አንዱን ብቻ ነው የያዘችው።

“ፍሪጅ ያስነሳል?”

“ቱቦዎቹን ካበዛናቸው፣ ትንሽ ፍሪጅ፣ አዎ።”

“ያለ ላምባ?”

“ያለ ላምባ።”

ያኔ ተቀመጠች። የክትባቱ ፍሪጅ በላምባ እንደሚሠራ፣ ላምባው ደግሞ አንዴ ሲመጣ አንዴ ሲቀር ክትባቱ እንደሚበላሽባት ነገረችን። መጠለያው ውስጥ ኩፍኝ ገብቷል። “ኩፍኙ የላምባውን መኪና ቆሞ አይጠብቅም” አለች። ዋቅጋሪ ሻይ ቀድቶ ሰጣት። ጠጥታ ሳትጨርስ ተነስታ ሄደች።

ኅዳር 14፣ ዓርብ

ቱቦውን ሰብረን አየነው። ኒኬሉ እንደ ተቆላ ሽንብራ ተሰነጣጥቆ ተላጧል። ናይትሮጅኑ ብረቱ ውስጥ እየገባ ያሳብጠዋል። እንደገና መቀባት። እንደገና ማጋል። ጊዜ የለም።

አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ልጇን ወደ ራሷ ሳበችና ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ዊንጌት ሳልደርስ ወረድኩ። የቀረውን በእግሬ።

ኅዳር 18፣ ማክሰኞ

ቀበሌው ለሁለተኛው ዙር ብሔራዊ ውትድርና የሚፈለጉትን ስም ለጥፏል። ዋቅጋሪ አለበት። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሚስት የለውም፤ እናቱ ሱሉልታ ናቸው። ነገሩን የነገረኝ ሸክላ እያቦካ ነው፤ ቀና እንኳ አላለም። “ስሜን አሳስተው ነው የጻፉት፤ ዋቅጅራ ብለውኛል። ሰውየው ግን እኔው ነኝ” አለ።

ወደ ክፍል ኃላፊያችን ወደ ጓድ ታረቀኝ ሄድኩ። ጓድ ታረቀኝ ክፉ ሰው አይደሉም። በር ሲንኳኳ የሚደነግጡ ሰው ናቸው። እርሳሳቸውን እያኘኩ ሰሙኝና፣ “ውጤት በሚሰጥ ሥራ ላይ ያለ ሰው እንዲቀር ደብዳቤ መጻፍ እችላለሁ። ውጤት የሌለው ሥራ ላይ ያለ ሰው ግን እንደ ማንኛውም ሰው ነው። የሩብ ዓመቱን ሪፖርት የምትጽፊው አንቺ ነሽ፤ እኔ አይደለሁም” አሉኝ።

ሪፖርቱን ቤቴ ይዤው መጣሁ። ስለ ቱቦዎቹ ብዛት ጻፍኩ፣ ስለ ሙቀቱ ጻፍኩ፣ እዚያች አንቀጽ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ብዙ ጊዜ ቆምኩ። በመጨረሻ “ፍሪጅ ለረጅም ጊዜ ያለማቋረጥ ማሠራት ይችላል” ብዬ ጻፍኩ። ይችላል። ሠራ አላልኩም። አፋጣኙ ሲስተካከል ይችላል። ይህ ውሸት አይደለም።

ሌላ ቱቦ ደፋኝ ቢሰጡኝ ማሠልጠኑ ብቻ ዓመት ይፈጃል። የቸገረኝ እሱ ነው።

ኅዳር 19፣ ረቡዕ

ሪፖርቱን ሰጠሁ። ታላቅ እህቴ ብርቅነሽ እራት ላይ ስለ ሥራ ሳወራ ሰምታኝ ሰምታኝ፣ “አሁን ይሄ የምታወሪልኝ ስለ ኒኬሉ ነው ወይስ ስለ ልጁ?” አለችኝ። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሰው ሁሉ ማግባት ያለበት ይመስላታል። በስምንት ዓመት እበልጠዋለሁ። ሳህኖቹን ሰብስቤ ተነሳሁ።

ኅዳር 28፣ ዓርብ

አዲስ ሐሳብ። ሸክሙን ሁሉ ኒኬሉ ላይ የጫንነው እኛ ነን። አሞኒያው ቱቦዎቹ ጋ ከመድረሱ በፊት ቢሰበርስ? ከፊት ለፊት አንድ የብረት ቆርቆሮ እናስቀምጣለን፤ ውስጡ የተከሰከሰ ጡብ፣ ጡቡ ላይ የብረት ዱቄት የተቀባ። ብረቱ ይሰብረዋል፤ ኒኬሉ ያርፋል። ጀርመን ሳለሁ በሌላ ሥራ ላይ አይቼው ነበር። እስከ ዛሬ ለምን እንዳልታሰበኝ አላውቅም። ምናልባት ለዓይን የሚያምር ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው፤ ይሄ መልኩ የወጥ ጣሳ ነው።

ዋቅጋሪ ቆርቆሮውን ሲበይድ እጁን ተቃጠለ። ቅባት ቀባሁለት፤ በጨርቅ ጠቀለልኩለት። የቀኝ እጁ ነው። ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው፤ ለዚህ ሥራ ይመቻሉ።

ታኅሣሥ 11፣ ሐሙስ

ቆርቆሮው ሦስት ቀን ቆየ! እውነተኛ ፍሪጅ፣ ውስጡ የውኃ ጠርሙስ፣ ጠርሙሱ እጅ የሚያደነዝዝ። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ተራ እየገባን ጠበቅነው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሙቀቱ ጨመረ፣ ኃይሉ ወረደ። ከፍተን ስናየው የብረቱ ቅንጣቶች በሙቀቱ ተቃቅፈው ጓል ሆነዋል። እንደ ዱቄት ሲሆን ፊቱ ብዙ ነው፤ እንደ ጓል ሲሆን ፊቱ ጠፋ፤ አሞኒያው የሚነካው ቦታ አጣ። ሁለተኛ ሞከርን፤ ሦስት ቀን። ሦስተኛ ሞከርን፤ ሦስት ቀን። እንዲህ በልክ የሚሞት ነገር አይቼ አላውቅም።

የዋቅጋሪ ደብዳቤ ዛሬ ወጣለት። ለሥራው ስለሚፈለግ ከጥሪው እንዲቀር። ብርቱካን ገዝቶ መጣ፤ ለዘበኛውም ለእኔም ሰጠ። “ምን ብለው ነው የተውኝ?” ሲለኝ “ታስፈልጋለህ ብለው” አልኩት። ልጦ የሰጠኝን ብርቱካን ዴስኬ ላይ ረስቼው መጣሁ። ጠዋት ሳልደርስ ይጥሉብኝ ይሆናል እያልኩ እስካሁን አልተኛሁም። የማይረባ ነገር።

ታኅሣሥ 19፣ ዓርብ

የሺሀረግ መጣች። በዚህ ጊዜ እየሳቀች ነው። የዕርዳታው መሥሪያ ቤት ሪፖርቱን አይቶ መኪና መድቦላታል። ከገና በኋላ መሣሪያውን ይዛ ትሄዳለች።

“እኔማ ምን አልኳቸው መሰለሽ” አለችኝ፣ “ይሄ ካለኝ የላምባውን ፍሪጅ ለሌላኛው መጠለያ እሰጣለሁ አልኳቸው። እነሱ ጭራሽ የላቸውም። አንድ ፍሪጅ ሁለት ቦታ አዳነ ማለት ነው።”

“የላምባውን ትሰጫለሽ?”

“ምን ያደርግልኛል? የእናንተው ያለማቋረጥ ይሠራል አይደል?”

ዋቅጋሪ ጓሮ ነበር፤ አልሰማም። እኔ ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ራሴን ነቅንቄ ይሆናል።

ታኅሣሥ 20፣ ቅዳሜ

የተበላሸ ክትባት መልኩ አይቀየርም። ጠርሙሱ ያው ነው፣ ውኃው ያው ነው። ልጁ ተወጋ ተብሎ ካርዱ ላይ ይጻፋል። እናቱ ታምናለች። ይህን የነገረችኝ የሺሀረግ ራሷ ናት፣ በመጀመሪያው ቀን። ያን ቀን ብዙም ልብ አላልኩትም።

እስከ ገና ድረስ አፋጣኙን ሳምንት ማድረስ እችላለሁ። ሐሙስ ማታ ያስገባነው ቆርቆሮ ጡብ ላይ አሉሚና የሚባል ነጭ ዱቄት ጨምሬያለሁ፤ ቅንጣቶቹን ይለያያቸው ይሆናል። እችላለሁ። ደግሞ ይህ ቃል።

ታኅሣሥ 22፣ ሰኞ

አሉሚናው ዋጋ የለውም። ሦስት ቀን ከግማሽ።

ዛሬ የውይይት ክበብ ነበር። ጓድ ታረቀኝ ተነስተው ስለ ክፍላችን ተናገሩ፤ “ያለማቋረጥ የሚሠራ፣ ከውጭ የማይለመን” አሉ። ተጨበጨበልን። ዋቅጋሪ አላጨበጨበም። ዞሮ አየኝ።

ስንወጣ በባሕር ዛፉ መሐል ባለው አቋራጭ ተከተለኝ።

“ያለማቋረጥ ነው ያሉት እኮ።”

“ይችላል ነው ያልኩት።”

“ሲስተር ‘ይችላል’ን ነው ፍሪጅ ውስጥ የምትከተው?” መራመዴን ቀጠልኩ። “የኔ ደብዳቤ የወጣው በዚህ ነው?”

“አንተ ታስፈልገኛለህ” አልኩት። ለቱቦዎቹ ማለቴ ነው። እንዲህ ብዬ አስተካከልኩለትም።

ቆመ። “እትዬ አፀደ፣ ይህ ጥሪ ይለፈኝ ብዬ እግዜርን ለምኛለሁ፤ አልዋሽዎትም። እፈራለሁ። ግን በሕፃን ላይ ተረማምጄ እንዲያልፈኝ አልለመንኩም።”

ተናደድኩ። ብዙ አወራሁ። የኃላፊነት ጉዳይ ነው፣ አንተ የማታውቀው ነገር አለ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ሲዋሽ የኔ አንዲት ቃል ምን ታመጣለች አልኩት። እስክጨርስ ሰማኝና “እሺ” አለ። “እሺ” ማለቱ ከሁሉ የባሰ ነው። ቁልቁል ወረደ። ጀርባውን እያየሁ እዚያው እንደቆምኩ መሸብኝ።

ሰላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ሁለት አገር ተምሬያለሁ።

ታኅሣሥ 24፣ ረቡዕ

የሺሀረግ ከዊንጌት ጀርባ አክስቷ ቤት እንዳረፈች ነግራኝ ነበር። ከሥራ ስወጣ ሄድኩ። ልብስ እያጠበች አገኘኋት። ቁጭ በይ አለችኝ፤ አልቀመጥም ብዬ ቆሜ ነገርኳት። ሪፖርቱ ልክ አይደለም፤ ሦስት ቀን ነው የሚሠራው፤ ከዚያ አፋጣኙ ይሞታል፤ የላምባውን ፍሪጅ እንዳትሰጪ።

እጇን ከአረፋው አውጥታ በቀሚሷ ጠረገች።

“ለምን እንዲህ ብለሽ ጻፍሽ?”

ስለ ዋቅጋሪ ነገርኳት። አጭር አድርጌ ነው የነገርኳት፤ እሷ ግን ረጅም አድርጋ የሰማችኝ መሰለኝ።

“ባትመጪ ኖሮ” አለች፣ “አልምርሽም ነበር። አሁንም ገና አልማርኩሽም።” ከዚያ ያጠበችውን አንሶላ አንዱን ጫፍ ሰጠችኝ፤ ሁለታችን ይዘን ጨመቅነው። እየጨመቅን ሳለ፣ “ሦስት ቀን እርግጠኛ ነሽ?” አለችኝ።

“ለሦስት ቀኑ እምላለሁ።”

“ከመንገድ የራቁት ሰፈሮች ጋ በመኪና ሄጄ ከትቤ ለመመለስ ሦስት ቀን ይበቃኛል። በበረዶ ሣጥን እንዳልወስድ በረዶ የምሠራበት ትርፍ ላምባ የለኝም። አፋጣኙ ሲሞት መቀየር ይቻላል?”

“ቆርቆሮውን አውጥቶ ሌላ መክተት ነው።”

“እንደ ስኮርታ ጎማ።”

“እንደ ስኮርታ ጎማ።”

“ታዲያ ይሄን ለምን አልጻፍሽም?” አለች። የጓጓሁት ለማይሞተው ነበር። ሦስት ቀን ለሰው ይጠቅማል ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም።

ግን በአፍ አይሆንም አለችኝ። መሥሪያ ቤቱ የላምባውን ፍሪጅ እንዲያነሳ ትእዛዝ ጽፏል፤ የሚሽረው ሌላ የተጻፈ ነገር ብቻ ነው። በእጄ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ በታረቀኝ በኩል።

ታኅሣሥ 25፣ ሐሙስ

ጻፍኩት። አንድ ገጽ። ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ታኅሣሥ 26፣ ዓርብ

ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ታረቀኝ ዛሬ ስብሰባ ነበራቸው።

ታኅሣሥ 27፣ ቅዳሜ

ታረቀኝ ዛሬ ስብሰባ አልነበራቸውም።

ምሳ ሰዓት ላይ ከዋቅጋሪ ጋር ሁለታችን ብቻ ነበርን። እሱ የጾም ሽሮ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ግማሹን ወደ እኔ ገፋው። ስለ ደብዳቤው አልነገርኩትም፤ የሺሀረግ መጥታ ነግራዋለች ማለት ነው።

“ሰጠሽ?” አለኝ።

አንቺ አለኝ። አልደነገጠም፣ አላረመውም። እኔም አላረምኩትም።

“አልሰጠሁም።”

“አብረን እንስጠው?”

“ከገና በኋላ” አልኩት። “ገናን እናትህ ዘንድ ዋል። ከዚያ በኋላ።”

ታኅሣሥ 30፣ ማክሰኞ

አብረን ገባን። ጓድ ታረቀኝ አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ዋቅጋሪን “አንተ ውጭ ጠብቅ” አሉት።

“ልጁ የት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ?”

“አውቃለሁ።”

“የእህቴ ልጅ በመጀመሪያው ዙር ሄዷል። ለእሱ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። ለዚህኛው ስጽፍ…” አልጨረሱትም። ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። “ይሄን መሳቢያዬ ውስጥ ብተወው ማንም አያውቅም። አንቺም ሰጥቻለሁ ብለሽ ትተኛለሽ።”

እውነቱን ልጻፍ። ያንን ሲሉኝ ደስ አለኝ። አንድ ጊዜ አዎ ይተዉት ብል ያልቅ ነበር። በበሩ መስታወት በኩል ዋቅጋሪ ይታየኛል፤ ግድግዳ ተደግፎ ከዘበኛው ጋር ያወራል፤ የሆነ ነገር ብሎ አሳቀው።

“አይተዉት፣ ጓድ ታረቀኝ” አልኳቸው። “እዚያ ሕፃናት አሉ።”

ፈረሙ። ከሥሩ በራሳቸው እጅ “መሣሪያው ለሙከራ ብቻ ይላክ፣ የላምባው ፍሪጅ አይነሳ” ብለው ጨመሩበት። በሩ ላይ ስደርስ፣ “ለዚህ እኔም እጠየቃለሁ” አሉ። ለእኔ አልነበረም የሚሉት፤ ለራሳቸው ነበር።

ጥር 6፣ ሰኞ

የዋቅጋሪ ደብዳቤ ተሻረ። ለዓርብ ሳምንት ቀበሌ ቅረብ ተብሏል።

ቱቦ መድፈን ያስተምረኝ ጀመር። ስምንት ቆርቆሮ አዘጋጅተናል። እኔ ብርጭቆውን ስፈጭ እሱ ይቀባል፤ ከዚያ እኔ እቀባለሁ፣ እሱ ያያል። የመጀመሪያው ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ተሰነጠቀ።

“አትቸኩይ” ይለኛል። “ሲሞቅ አትቸኩይ፤ ሲበርድ ደግሞ ከዚያ ይበልጥ አትቸኩይ።”

እንዴት አልቸኩል።

ጥር 11፣ ጥምቀት

ከብርቅነሽ ጋር ታቦት ሸኘን። ሕዝቡ መሐል ዋቅጋሪን አየሁት፤ ነጭ ለብሷል። እሱም አየኝ። በሰው ተለያይተን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አንድ ሰልፍ ውስጥ ሄድን። ብርቅነሽ እሱን አየች፣ እኔን አየች፤ ይሄኔ ነገር ታመጣለች ስል ነጠላዋን አስተካክላ እልል አለች። ቤት ስንገባ ግን በሩን ዘግታ ግንባሬን ሳመችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ጥር 17፣ ዓርብ

የቀበሌው ግቢ። ሦስት የጭነት መኪና። ንግግር ነበር፤ አልሰማሁትም። እናቶች አጥሩን ይዘው ቆመዋል። እናቱ አልመጡም፤ ቀኑን አልነገራቸውም፣ እዚህ መጥተው እንዳያዩ ብሎ።

ወደ አጥሩ መጣ። የማወራው ነገር ስንት ነበር።

“ልብስ ይዘሃል?” አልኩት።

“ይዣለሁ።”

“ይበርዳል ይላሉ።”

“ይዣለሁ፣ አፀደ።”

ከዚያ ስማቸውን ጠሩ። በዚያ የተሳሳተ ስም ጠሩት፤ “አቤት” ብሎ ሄደ። መኪናው አቧራውን አስነስቶ ቁልቁል ሲወርድ አንድ እጅ ከፍ ብሎ አየሁ። የእሱ ይሁን የሌላ ሰው አልለየሁም። ልብስ ይዘሃል አልኩት። ከዚህ ሁሉ ቃል።

ጥር 26፣ እሑድ፣ ጤና ጣቢያው

የምጽፈው ጭኔ ላይ ነው። ከየሺሀረግ ጋር ከመጣሁ ሳምንቴ ነው። መሣሪያውን የላንድሮቨሩ ጀርባ ላይ አስረን ሦስት ሰፈር ዞርን። ሰዎቹ ያሉበትን ነገር ልጽፈው ሞከርኩ፤ ሰረዝኩት። ዝም ብለው ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ሕፃናቱ ሲወጉ ብዙዎቹ አያለቅሱም፤ የሺሀረግ የሚያለቅሰውን ስታገኝ ደስ ይላታል፤ “ይሄ ጉልበት አለው” ትላለች።

የመጀመሪያው ቆርቆሮ በሦስተኛው ቀን ማታ ሞተ። አወጣሁት፣ ሌላ ከተትኩ፣ ጠርሙሶቹ ሳይሞቁ ተነሳ። በስድስተኛው ቀን አንድ ቱቦ ተሰነጠቀ፤ እኔ የደፈንኩት ነው። የእሱ ሁሉም ደህና ናቸው። ፍሪጁ ቆመ። የሺሀረግ አልጮኸችም። የቀረውን ክትባት ይዘን በሌሊት ወደ ጤና ጣቢያው ተመለስንና ሳይነሳ በቀረው የላምባ ፍሪጅ ውስጥ ከተትነው። አንድም አልተበላሸም።

ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጠን፣ “ቱቦውን ሠርተሽ ተመለሺ” አለችኝ። “ሌላ ስምንት ቆርቆሮም ይዘሽ። ላምባ እስኪበቃን በዚህ እንዞራለን።” ተነስታ ስትገባ፣ “አሁን ምሬሻለሁ” አለች።

የካቲት 5፣ ማክሰኞ

ዛሬ ዘበኛው መጥቶ “አንዲት እናት የዋቅጋሪን አለቃ እያሉ ነው” አለኝ። ወጣሁ። በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጭናቸው ላይ የበሶ ከረጢት። እማማ ሾዴ ናቸው፣ እናቱ። ከሱሉልታ እንጦጦን ተሻግረው በእግራቸው ወርደዋል። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው፤ ቃሉን ፈልገው አግኝተው ነው የሚያወጡት።

“ልጄ የለም አሉኝ” አሉ። “ሰኞ ሰማሁ። ለእኔ አልነገረም።”

ሊደብቅዎት ሳይሆን እንዳያዝኑ ብሎ ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ማሠልጠኛው ጋ እሑድ እሑድ ዘመድ እንደሚያስገቡ ሰምተዋል፤ በር ላይ ግን ስም ይጻፋል፣ የምን ዘመድ ነህ ይባላል። ማንበብ የሚችል፣ ከእሳቸው ጋር የሚሄድ ሰው ይፈልጋሉ። ልጄ የሚያወራው ስለ አንዲት አለቃ ብቻ ነው፣ እሷ ጥሩ ሴት ናት ይል ነበር፤ ስለዚህ መጣሁ አሉኝ።

“እኔ እሄዳለሁ” አልኳቸው።

“አለቃ ያስገባሉ?”

“እንጃ።”

ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። አልቸኮሉም። “አንቺ ለልጄ ምኑ ነሽ?” አሉ።

አለቃው ነኝ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አብረን ነው የምንሠራው ልል ነበር። ዘበኛው አጠገባችን ቆሞ ወደ ሌላ ያያል።

“እጮኛው ነኝ” አልኳቸው።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። እማማ ሾዴ ግን አልደነቃቸውም፤ ጥቂት አሰቡና፣ “እሱ ያውቃል?” አሉኝ።

“እኔ እንጃ፣ እማማ።”

ከድንጋዩ ላይ ለመነሳት እጃቸውን ዘረጉልኝ። ደግፌ አስነሳኋቸው። ከረጢቱን አንስተው ለእኔ አሸከሙኝ፣ እንደ ቤት ልጅ።

“እሑድ እንነግረዋለን” አሉ።